ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር ሲኖሩ፦ የአመጋገብና የዕለት ኑሮ መመሪያ

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንጎልን፣ ኅብለ ሰረሰርንና የዐይን ነርቭን የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ጥቃቱ በዋናነት የሚያርፈው የነርቭ ክሮችን በሚሸፍነውና ማየሊን በሚባለው ስብ የበዛበት ልባስ ላይ ሲሆን፣ ይህ ልባስ የተጎዳበት ነርቭ ሽፋኑ እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ መልእክቱን አዘግይቶ ወይም አቆራርጦ ያስተላልፋል። ዐይን የሚደበዝዘው፣ እግር የሚከብደው፣ ጣት የሚደነዝዘው፣ ሽንት በድንገት የሚያጣድፈውና ከሥራው መጠን ጋር የማይመጣጠን ድካም የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ሕመሙን ከሌሎች የነርቭ ሕመሞች ለይቶ በዝርዝር ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት 2.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሕመሙ ጋር ይኖራሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሴቶችንም ከወንዶች በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ያጠቃል። ስለዚህ ሕመሙ የሚያገኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚያስተዳድር፣ ልጅ የሚያሳድግ ወይም ሥራ በጀመረበት ወቅት ላይ ያለ ሰው ነው።

ምርመራው እንደተነገረ ብዙዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ልተው፣ ምን ልብላ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሳይንሱ ማስረጃ ከሁሉ ይልቅ የሳሳው በዚሁ በምግብ ጉዳይ ላይ ነው። ኤም ኤስ ያለበት ሰው የዕለት ጉልበቱ የተወሰነ ስለሆነ፣ ልማዶቹን የሚያስተካክልበት ቅደም ተከተል ከልማዶቹ ዝርዝር ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ማስረጃው ጠንካራ የሆነውን አስቀድሞ መፈጸም፣ ማስረጃው ደካማ ለሆነው ደግሞ የተረፈውን ጉልበትና ገንዘብ መስጠት ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የተደረደሩት በዚሁ ሐሳብ መሠረት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ

የመጀመሪያው እርምጃ የታዘዘውን ሕክምና ማጽናት ነው። የሕመሙን አካሄድ የሚለውጡ የሚባሉት መድኃኒቶች የመከላከያ ሥርዓቱን ጥቃት በማለዘብ ግርሻን ይቀንሳሉ፤ ግርሻ የሚባለውም አዲስ ምልክት ሲመጣ ወይም የቆየ ምልክት ሲባባስና ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሳይኖር ቢያንስ ለ24 ሰዓት ሲቆይ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች ሊተካ የሚችል የአመጋገብ ሥርዓት እስካሁን አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ክላድሪቢን፣ ግላቲራመር አሲቴትና ሪቱክሲማብ የተባሉትን መድኃኒቶች ለኤም ኤስ አገልግሎት በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል። ከእነዚህ መካከል ሪቱክሲማብ ቀደም ብሎም ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችና ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲታዘዝ የኖረ በመሆኑ፣ አቅም ውስን በሆነበት አገር የሚኖር ሕመምተኛ ከነርቭ ሐኪሙ ጋር ሊመክርበት የሚገባ አማራጭ ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሕክምናው ጎን ለጎን በጸበል ይጠመቃሉ። ጸበልና መድኃኒት የሚጋጩት አንዱ ሌላውን እንዲያስተው ሲደረግ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል ማስተማሯ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ወደ ጸበል ቦታ የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ይዞ መሄድ አለበት፤ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ መርፌ ከሆነም የሚያድርበት ቦታ ማስቀመጫ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው እርምጃ ትንባሆን ማቆም ነው። በስዊድን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከምርመራ በኋላ ማጨስ የቀጠሉ ሰዎች በእያንዳንዱ ተጨማሪ የማጨስ ዓመት ሕመሙ ቀስ በቀስ ብቻ ወደሚባባስበት ደረጃ የሚደርሱበት ጊዜ በ4.7 በመቶ ያህል እንደሚፈጥን አሳይቷል። አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሊለውጣቸው ከሚችሉ ነገሮች መካከል እንዲህ ግልጽ ማስረጃ ያለው ጥቂት ነው። ሺሻም ትንባሆ ነውና ከዚሁ ይቆጠራል። ጫትን በተመለከተ፣ እንቅልፍን መንሣቱ፣ የምግብ ፍላጎትን መዝጋቱ፣ የሆድ ድርቀትን ማባባሱና የሽንትን ፍሰት ማዳከሙ የታወቀ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ኤም ኤስ በራሱ የሚያመጣቸው ችግሮች በመሆናቸው ጫት በችግሩ ላይ ችግር ይደርባል። አልኮልም ሚዛንን ያናጋል፣ ፊኛንም ያጣድፋል።

ሙቀትና ማድቤት

ጀርመናዊው የዐይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890፣ አንዳንድ ሕመምተኞች አድካሚ እንቅስቃሴ ካደረጉ በኋላ እይታቸው ለጊዜው እንደሚደክም መዝግቦ ነበር፤ ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ምክንያቱ ማየሊን የተጎዳበት ነርቭ የሰውነት ሙቀት ሲጨምር መልእክት ማስተላለፍ ስለሚያቅተው ነው፤ የግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ እንኳ ለአንዳንድ ሰው ይበቃል። ይህ መባባስ አዲስ ጉዳት አይደለም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህን ማወቅ ከብዙ ፍርሃት ያድናል፤ ሆኖም እግር የከዳው ሰው ሊወድቅ፣ እጁ የደነዘዘውም ሊቃጠል ስለሚችል ክስተቱ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ቸል ሊባል አይገባም።

በኢትዮጵያውያን ቤት የዚህ ትልቁ ፈተና የእንጀራ ጋገራ ነው። ምጣድ ፊት ለሰዓታት መቆም፣ እንፋሎቱ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ፊት ላይ መምጣቱ፣ እንጨት ሲሆን ደግሞ ጭሱ የሚጨመርበት መሆኑ፣ አንዲት ኤም ኤስ ያለባት ሴት ከጋገራ ተነሥታ መራመድ የሚያቅታት ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ብዙዎች ይህን ስንፍና ወይም ድክመት መስሏቸው ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ቤተሰብም አንዳንድ ጊዜ ይወቅሳቸዋል። ነገሩ ግን የነርቭ ሥራ ሕግ እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ከተቻለ ጋገራውን ለሌላ የቤተሰብ አባል መስጠት ወይም የተጋገረ እንጀራ መግዛት ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ ጋገራውን አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት በማለዳ ማድረግ፣ የአንድ ሳምንቱን በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ ለሁለት ቀን መክፈል፣ ምጣዱን ተቀምጠው በሚደርሱበት ከፍታ ላይ ማኖር፣ መስኮትና በር ከፍቶ አየር እንዲተላለፍ ማድረግ፣ ከመጀመር በፊትና በየመካከሉ ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ነጠላ ወይም ፎጣ አንገት ላይ ማድረግ ይገባል። እጅ ሙቀትን በትክክል የማይለይ ከሆነ የምጣዱን ግለት በጣት መሞከር አደገኛ ነው፤ ትንሽ ሊጥ ጣል አድርጎ በማየት መለየት ይሻላል። የገላ መታጠቢያ ውሃም በእጅ ጣት ሳይሆን በክርን ወይም በቴርሞሜትር ይለካል።

ስቲምና ሳውና ለዚህ ሕመም የሚመከሩ አይደሉም። በባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት ፀሐይ ሳትበረታ ወይም ከገባች በኋላ ቢያደርጉ፣ ሊጠጡት የሚችሉትን ቀዝቃዛ ውሃ ይዘው ቢወጡ ይጠቀማሉ። ትኩሳትም ሙቀት ነው፤ ተራ ጉንፋን ወይም የሽንት ኢንፌክሽን የቆዩ ምልክቶችን ሁሉ ቀስቅሶ ግርሻ ሊመስል ይችላል። ሐኪሞች ይህን ሐሰተኛ ግርሻ ይሉታል፤ የሚታከመውም ኢንፌክሽኑ እንጂ ኤም ኤሱ አይደለም።

ውሃ፣ ፊኛና ቡና

ሽንት የሚያጣድፈው ሰው በራሱ የሚያገኘው መፍትሔ ውሃ መቀነስ ነው። ታክሲ ውስጥ፣ በቅዳሴ ላይ፣ በሥራ ቦታ የሚደርሰውን ሐፍረት በማሰብ ጠዋት ውሃ ሳይቀምሱ የሚወጡ ብዙ ናቸው። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል፣ ለኢንፌክሽን ይመቻል፣ ሆድን ያደርቃል፣ የደረቀ ሆድም ፊኛን ተጭኖ መጣደፉን ያባብሳል። በመሆኑም የሚመከረው ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር የሚሆን ፈሳሽ በቀኑ ሰዓታት ከፋፍሎ መጠጣት፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት መቀነስ፣ የሽንት ቤት ጉዞንም መጣደፍን ሳይጠብቁ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በሰዓት ማድረግ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለታል። ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ ፊኛ ያልተራገፈ ሆኖ የሚሰማ ከሆነ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚያጣድፍ ፊኛና የማይራገፍ ፊኛ ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ሕክምናቸው ይለያያል።

ካፌይን ፊኛን ያነቃል፣ እንቅልፍንም ይነሣል። ይሁንና የቡና ሥርዓት ጎረቤትና ቤተሰብ የሚገናኝበት ሰዓት ስለሆነ፣ ከዚያ መቅረት በሕመሙ ላይ ብቸኝነትን ይጨምራል። ኤም ኤስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በዕድሜያቸው በአንድ ወቅት ድብርት ስለሚያገኛቸው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከመቅረት ይልቅ አቦልን ትቶ በበረካ መድረስ፣ ወይም አንድ ሲኒ ብቻ ጠዋት ላይ መጠጣትና ከቀትር በኋላ ያለውን ሥርዓት ያለ ቡና መቀመጥ የተሻለ መንገድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን መጨመር አለበት፤ ለቡናው ሥርዓት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ በጫማ ሥር ያንሸራትታል፣ ሚዛኑ ለደከመ ሰውም የመውደቂያ ምክንያት ይሆናል። ጉዝጓዙን ከመተላለፊያው አርቆ ረከቦቱ ባለበት አካባቢ ብቻ መወሰን ይቻላል።

እንቅስቃሴና የጉልበት አጠቃቀም

ለብዙ ዘመን ኤም ኤስ ያለባቸው ሰዎች ሰውነታቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ይመከሩ ነበር፤ የሙቀቱ ነገር አስፈርቶ ነበርና። ይህ ምክር በተቃራኒ ማስረጃ ተሽሯል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለ15 ሳምንት የተካሄደ የልብና የሳንባ ልምምድ የሕመምተኞችን ብቃት እንዳሻሻለ ካሳየ ወዲህ፣ ተከታታይ ጥናቶች እንቅስቃሴ ሕመሙን እንደማያባብስ፣ ድካምንና ድብርትንም እንደሚያቀል አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በካናዳ የወጣው መመሪያ ቀላልና መካከለኛ የአካል ጉዳት ላለባቸው ጎልማሶች የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ በሳምንት ሁለት ጊዜ የ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና በሳምንት ሁለት ጊዜ የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ ነው። መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው ሰውየው እየተንቀሳቀሰ መናገር የሚችልበት፣ መዝፈን ግን የማይችልበት ደረጃ ነው።

ከዜሮ የሚጀምር ሰው ሠላሳውን ደቂቃ በሦስት አሥር ደቂቃ ከፍሎ፣ በመካከሉ ሰውነቱን እያቀዘቀዘ ሊያደርገው ይችላል። እግሩ የሚደክም ሰው ከመሮጥ ይልቅ በቋሚ ብስክሌት ወይም በመዋኛ ቢለማመድ ይመረጣል፤ የመዋኛው ውሃ ከ29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይበልጥ መሆን አለበት። ጡንቻ የሚገተርበት ሰው በየቀኑ ጠዋትና ማታ እግሩን ማሳሳብ ይኖርበታል። ምርኩዝ መያዝን እንደ ሽንፈት መቁጠር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ በረጅም ቅዳሴ ጤነኛ ካህናትና ምእመናን በመቋሚያ ይደገፋሉ።

ድካምን በሚመለከት ዋናው ነገር ጉልበት ከማለቁ በፊት ማረፍ ነው። አብዛኛው ሰው ደኅና ስሜት በተሰማው ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ ለመጨረስ ይሞክርና የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ቀናት በአልጋ ያሳልፋል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው፣ ጥሩ በሆነውም መጥፎ በሆነውም ቀን በተመጣጠነ መጠን መሥራት፣ አእምሮ የሚጠይቀውን ሥራ በጠዋት ማድረግ፣ ተቀምጠው ሊሠሩ የሚችሉትን ሥራዎች ሁሉ ማለትም ሽንኩርት መክተፍን፣ ምስር መልቀምን፣ ልብስ መተኮስን ተቀምጠው መሥራት ነው። ድካሙ በድንገት ከበዛ ሁሉንም በኤም ኤስ ማሳበብ አይገባም፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የእንቅልፍ መቆራረጥና ድብርትም ድካም ያመጣሉና እነዚህ ይመርመሩ።

ማዕዱ

ለኤም ኤስ የሚሆን ልዩ ምግብ ፍለጋ ረጅም ታሪክ አለው። ሮይ ስዋንክ የተባለ የነርቭ ሐኪም ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሞንትሪያል ካናዳ፣ ቅቤና የሥጋ ስብን የመሰለው በክፍል ሙቀት የሚረጋ ስብ በቀን ከ20 ግራም እንዳይበልጥ የሚያዝ ሥርዓት አወጣ፤ 144 ሕመምተኞችን ለ34 ዓመት ከተከታተለ በኋላም ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተመ። ሥርዓቱን የጠበቁት ደኅና እንደቆዩ ቢዘግብም፣ የሚነጻጸሩበት ሌላ ቡድን ስላልነበረ ደኅንነታቸው ከምግቡ ይሁን ከሌላ ምክንያት መለየት አልተቻለም። ራሷ ኤም ኤስ ያለባት አሜሪካዊት ሐኪም ቴሪ ዋልስ ደግሞ እህልን፣ ጥራጥሬንና የወተት ተዋጽኦን አስወጥታ በአትክልትና በሥጋ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት አስተዋውቃለች። ሁለቱን ሥርዓቶች ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በሁለቱም ቡድኖች ድካም እንደቀነሰ እንጂ አንዱ ከሌላው ጎልቶ እንደበለጠ አላሳየም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝን ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2020 የተገኙትን ጥናቶች መርምሮ፣ ምግብ በግርሻ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ስላለው ተጽእኖ እርግጠኛ መደምደሚያ መስጠት እንደማይቻል ገልጿል።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ፍርድ ግልጽ ነው። ሁለቱ ተቃራኒ የሚመስሉ ሥርዓቶች የሚጋሩት ነገር አትክልት መብዛቱና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ መቀነሱ በመሆኑ፣ ትርፉም ምናልባት ከዚሁ የመጣ ነው። እህልና ጥራጥሬን አስወጡ የሚለውን ምክር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቢከተል ግን እንጀራን፣ ሽሮን፣ ምስርንና ክክን፣ ማለትም ርካሹን የፕሮቲንና የአሰር ምንጭ በሙሉ ከገበታው ያጣል፤ ለዚህ ኪሳራ የሚመጥን ማስረጃ የለም። ግሉተን የሚባለውን የስንዴና የገብስ ፕሮቲን መተውም የሚጠቅመው በምርመራ የታወቀ የግሉተን አለመስማማት ላለበት ሰው ብቻ ነው። ጤፍ ከተፈጥሮው ግሉተን የለውም፤ በውጭ አገር ገበያ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙውን ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ስለሆነ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ጠይቆ መግዛት አለበት።

የኢትዮጵያ የጾም ገበታ፣ ጥራጥሬው፣ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ቀይ ሥሩና ያልተፈተገው እህል ሲታይ፣ ሐኪሞች ለልብና ለደም ሥር ጤና ከሚመክሩት የሜዲትራንያን አመጋገብ ጋር በብዙ ይቀራረባል። ይህ ለኤም ኤስም ይጠቅማል፤ የደም ግፊት፣ ስኳርና ውፍረት የተጨመሩበት ሰው የአካል ጉዳቱ ይፋጠናልና። መስተካከል ያለበት ዘይቱ ነው። በኢትዮጵያ በሰፊው የሚሸጠው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ሲሆን፣ የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት ግን በአብዛኛው የማይረጋ ስብ ነው። ዘይቱን መቀየር ዋጋው የማይፈቅድ ከሆነ መጠኑን መቀነስ ይቻላል፤ ሽንኩርትን በጥቂት ውሃ አቁላልቶ ዘይቱን በኋላ ጠብ ማድረግ ወጡን አያበላሸውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ያህል የሚረጋ ስብ ስላለው፣ ንጥር ቅቤ ለበዓል ቢቆይ መልካም ነው። ተልባ ኦሜጋ ሦስት የሚባለው የስብ ዓይነት ከዕፅዋት የሚገኝበት ዋና ምንጭ በመሆኑ፣ የተልባ ውሃ ሆድን ከማለስለሱም በላይ በየዕለቱ ሊዘወተር የሚገባው የአገር ምግብ ነው፤ ሰርዲንን የመሰለ ስብ ያለው ዓሣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማግኘት የሚችልም ይጨምርበት።

ጥሬ ሥጋ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ የኤም ኤስ መድኃኒቶች የመከላከያ ሥርዓቱን ስለሚያዳክሙ፣ ለጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኮሶ ትል ያላለፈ ችግር የሚያመጣ ቁርጥ ወይም ክትፎ ለእነዚህ ሰዎች ከባድ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። ያልፈላ ወተትና ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብም እንዲሁ ነው። ሥጋው ይብሰል፣ ክትፎውም ለብለብ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይብሰል። በግርሻ ጊዜ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት የሚወስድ ሰው ደግሞ ጨውንና ስኳርን መቀነስ፣ መድኃኒቱን በክኒን የሚወስድ ከሆነም እንቅልፍ እንዳይነሣው በጠዋት ከምግብ ጋር መዋጥ ይኖርበታል።

መዋጥ ለሚያስቸግረው ሰው የገበታውም ሥርዓት መለወጥ አለበት። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ በትንሽ በትንሹ መጉረስ፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላውን አለመጨመር፣ እየተነጋገሩ አለመብላት መሠረታዊ ሕጎች ናቸው። በፍቅር የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻ ለእንዲህ ያለ ሰው የመታነቅ አደጋ ስለሆነ ቤተሰብ ይህን አውቆ ፍቅሩን በሌላ መንገድ ይግለጽ። ደረቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቅሩ፤ በመረቅ የራሰ ፍርፍር፣ ገንፎና አጥሚት ይተኩ። ምግብ ወይም ውሃ በወሰዱ ቁጥር ሳል የሚመጣ ከሆነ በቤት ዘዴ ብቻ አይታለፍም፤ የመዋጥ ምርመራ ያስፈልጋል።

ጾም

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ይጾማል። ከእንስሳት ተዋጽኦ መከልከሉ በራሱ ችግር አይደለም፤ ትኩረት የሚያሻው ቫይታሚን ቢ 12 ነው። ይህ ቫይታሚን ከዕፅዋት አይገኝም፤ እጥረቱም ማየሊንን ስለሚጎዳ መደንዘዝና የሚዛን ችግር ያመጣል፣ ከኤም ኤስ ጋርም ይምታታል። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ክምችት ስለሚይዝ የሁዳዴ 55 ቀናት ብቻቸውን እጥረት አይፈጥሩም፤ በፍስክም ወራት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም የማያገኝ ሰው ግን በደም ምርመራ ልኩን ማወቅ፣ ካነሰም በክኒን ወይም በመርፌ መተካት አለበት።

ከባዱ የሰዓቱ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መቆየት ከላይ የተገለጸውን የፊኛና የሆድ ድርቀት ችግር ያባብሳል፤ ዳይሜቲል ፉማሬትን የመሰለ በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒትም በባዶ ሆድ ሲወሰድ ፊትን ያቀላል፣ ሆድን ያቃጥላል። በረመዳንም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ በተለይ ጾሙ በበጋ ሲውልና በሞቃት አገር ሲሆን። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ ስለሚሰጡ፣ ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር አስቀድሞ ተመካክሮ የምግቡን ዓይነት እየጠበቀ የሰዓቱን ጾም መተው፣ ወይም ሐኪሙ ከፈቀደ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ማስማማት ይችላል። በድብቅ መድኃኒት አቋርጦ መጾም ግን መቅረት አለበት።

ቫይታሚን ዲ፣ ተጨማሪዎችና ባህላዊ መድኃኒት

ኤም ኤስ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች እየበዛ መሄዱ ተመራማሪዎችን ወደ ፀሐይና ወደ ቫይታሚን ዲ አመልክቷል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ስለሚፈልግ፣ በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት የሚያሳልፍ ኢትዮጵያዊ፣ በባሕረ ሰላጤም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ተሸፍና የምትውል ሠራተኛ እጥረት ቢኖርባቸው አያስገርምም። ልኩን በደም መመርመርና ያነሰውን መሙላት ለአጥንትም ስለሚጠቅም ሊደረግ ይገባል። በብዛት መውሰድ ሕመሙን ይገታ እንደሆነ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ በቀን 5,000 ዩኒት ከ600 ዩኒት የተለየ ጥቅም እንዳላመጣ ሲያሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመው የፈረንሳይ ሙከራ ግን ሕመሙ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ በየሁለት ሳምንቱ የተሰጠ 100,000 ዩኒት የሕመሙን እንቅስቃሴ እንደቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ዩኒት በላይ መውሰድ አይገባም፤ ትርፉ በደም ውስጥ ካልሲየምን ጨምሮ ኩላሊትን ይጎዳል።

ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን በአንድ ወቅት ብዙ ተስፋ ቢጣልበትም እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ትልቅ ሙከራ ጥቅም አላሳየም፤ ከዚህም በላይ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ያዛባል። «የመከላከያ አቅምን ያጠነክራል» ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር በኤም ኤስ ዘንድ የተሳሳተ ዓላማ ነው፤ ችግሩ የመከላከያ ሥርዓቱ ማነስ ሳይሆን ያለ ቦታው መዝመቱ ነውና። ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር አለበት፤ አንዳንድ የኤም ኤስ መድኃኒቶች በጉበት ላይ ክትትል የሚደረግባቸው በመሆናቸው ሌላ ጉበት የሚጎዳ ነገር መደረብ አደጋ አለው። በተለይ ኮሶ በብዛት ሲጠጣ የዐይንን ነርቭ እንደሚጎዳ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ስለሚታወቅ፣ ዐይኑ አንድ ጊዜ በኤም ኤስ የተጠቃ ሰው ፈጽሞ ሊቀርበው አይገባም፤ ለኮሶ ትል ደኅንነታቸው የተረጋገጠ ክኒኖች አሉ።

መመዝገብና ሐኪም መጥራት

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመለወጥ መሞከር አይመከርም። በየወሩ አንድ ልማድ መያዝ፣ በትንሽ ደብተርም የእንቅልፍን ሰዓት፣ የድካሙን መጠን፣ የሽንትን ድግግሞሽ፣ የሞቀበትን ቀንና መድኃኒቱ የተዘለለበትን ቀን መጻፍ ለነርቭ ሐኪሙ ከረጅም ትረካ የበለጠ ይጠቅመዋል። አዲስ ምልክት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ትኩሳትና የሽንት ኢንፌክሽን አለመኖሩ ይታይና ለሐኪም ይነገር። የአንድ ዐይን እይታ በድንገት ከጠፋ፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ እግሮች በቀናት ውስጥ ከደከሙ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተ፣ ወይም የመከላከያ ሥርዓትን የሚያዳክም መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ትኩሳት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ስም የተጻፈበት ወረቀትም አብሮ ይያዝ።